በአውቶቡስ ወደ ቡና አገር ስለሚመጣው መንገደኛ

በጅማ፥ በከፋና በቤንች ተራሮች መካከል በሚመላለሰው አውቶቡስ ውስጥ፥ ከነጋዴው፥ ከተማሪውና ከገበሬው ጎን ተጣብቦ የተቀመጠ አንድ ዓይነት እንግዳ አልፎ አልፎ ይገኛል። ልብሱን፥ መኝታውንና ስንቁን በአንድ ትልቅ ከረጢት ከቶ በጀርባው ያዝላል። የሚጠብቀው መኪና ወይም አስቀድሞ የተያዘለት አልጋ የለውም። አንዳንዱ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የመጣ ወጣት ነው፤ አንዳንዱም የራሳችን አገር ተማሪ ወይም ሠራተኛ ሆኖ የዕረፍት ጊዜውን አገሩን በማየት ሊያሳልፍ የተነሣ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣቸው አንድ ነገር ነው፤ ቡና የሰው እጅ ሳይተክለው በጫካ ውስጥ የሚበቅልበትን ስፍራ በዓይናቸው ለማየት ይፈልጋሉ።

ስለዚህ መንገደኛ በየመሥሪያ ቤቱና በየሆቴሉ የሚነገረውን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «ገንዘብ የሌለው ነው፤ ርካሽ አልጋ ፈልጎ፥ ርካሽ ምግብ በልቶ ይሄዳል፤ ለአገር የሚጠቅመው በመኪና የሚመጣው ነው» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አሳብ ኖሯቸው አይደለም፤ ነገሩን ከሩቅ ስለሚያዩት ነው። በመኪና የሚመጣው እንግዳ የጉዞውን ዋጋ ለአስጎብኚው ድርጅት በአዲስ አበባ፥ አንዳንድ ጊዜም ገና ከአገሩ ሳይነሣ ከፍሎ ጨርሷል። ምሳውና ውሃው በሣጥን ተጭኖለት ይመጣል። በጫካው ዳር ቆሞ ሁለት ሦስት ፎቶግራፍ ያነሣና ሳይመሽ ወደ ከተማው ሆቴል ይመለሳል። በአውቶቡስ የሚመጣው ግን በየምዕራፉ ኪሱን ይፈታል። ለረዳቱ ይከፍላል፤ ቆሎና ሙዝ ከምትሸጠው ልጅ ይገዛል፤ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ከሰው ጋር ተቀምጦ ይበላል፤ ሲመሽም የመሸበት ያድራል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ዳሩ ግን በመካከል ሳይሸራረፍ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ለቡናው ጫካ ከሌላው ጎብኚ ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ከረጢት ተሸካሚ ነው። ነገር ግን በጫካው ዳር የሚኖረው ገበሬ የሚሸጥለትን ነገር ስላላዘጋጀን፥ ሊከፍል ያመጣውን ገንዘብ በኪሱ ይዞ ይመለሳል።

መንገዱን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልናገር። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ የሚነሣው ገና ጎሕ ሳይቀድ ስለ ሆነ መንገደኛው በሌሊት ተነሥቶ መናኸሪያ መድረስ አለበት። ሰበታን፥ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ እስከ ወልቂጤ ድረስ የሚታየው የጤፍና የእንሰት አገር ነው። ከወልቂጤ በኋላ ምድሩ ይሰበርና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ካፖርት የለበሰ ሁሉ ያወልቃል፤ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚል ክርክርም በተሳፋሪዎች መካከል ይነሣል። በዚህ ክርክር «ነፋስ ይመታናል» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይረታሉ። በሸለቆው ግርጌ ያለው ቆላ ለም ምድር ሆኖ ሳለ፥ የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ስለምትገኝበት የእርሻ በሬ የማይበረክትበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ድልድዩን ተሻግሮ መኪናው እንደ ገና ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። በሰኮሩና በአሰንዳቦ በኩል አልፎ ወደ ጅማ ሲቃረብ፥ በየቤቱ ጓሮ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፥ የቡናው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠል መታየት ይጀምራል።

የእርሻ ሠራተኞች በመጽሐፍ ያነበብነውን ትምህርት መንገደኛው እዚህ ላይ በገላው ይማረዋል። በተራራ አገር 100 ሜትር ሽቅብ በወጡ ቍጥር አየሩ በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። አራቢካ የሚባለው የኛ ቡና የሚስማማው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ስለ ሆነ፥ በጫካ የበቀለው ቡና አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ባለው መቀነት ውስጥ ነው። ከዚያ በታች ሙቀቱ ፍሬውን ያቻኩለዋል፤ ከዚያ በላይ ብርዱ ተክሉን ያቀጭጨዋል። በጊቤና በጎጀብ ሸለቆዎች የሚወርድና የሚወጣ አውቶቡስ ይህን መቀነት ደጋግሞ ያቋርጠዋል። መስኮቱን በዘጋ መኪና ለሚሄድ ሹም ግን አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አየር ነው። አዲስ የተመደበ የእርሻ ሠራተኛ ሁሉ የመጀመሪያ ጉዞውን በአውቶቡስ እንዲያደርግ ቢታዘዝ እኔ ደስ ይለኛል።

ይህም መቀነት ባለበት የሚቆም አይደለም። በ2017 ዓ.ም. «ኔቸር ፕላንትስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፥ አንዳች መከላከያ ካልተደረገ በኢትዮጵያ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት ምድር ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ምእት ዓመት መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገልጧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩን በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። አየሩ በሁለት ዲግሪ ቢሞቅ፥ ቡናው የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። ተራራው ከፍ ያለ ከሆነና ጫካው እስከ ላይ ድረስ ከቆመ ቡናው የሚሸሽበት አለው፤ ጫካው ከተመነጠረ ግን መሸሻ የለውም።

ጅማ ላይ ብዙ አልዘገይም። በጅሬን ኮረብታ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትና የሐሙሱን ገበያ ማየት የሚወድ አንድ ቀን ይቆይ። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአጋሮና በበደሌ በኩል ወደ ያዩ ጫካና ወደ መቱ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛን ይወርዳል። የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ከጅማ እስከ ቦንጋ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሚኒባስ የሚባሉት ትንንሽ መኪኖችም ይመላለሱበታል። ዛሬ ጎጀብን በድልድይ ለሚሻገር እንግዳ አገሩ ክፍት ነው። በቀድሞው የከፋ መንግሥት ዘመን፥ ይኸውም እስከ 1897 ዓ.ም. ድረስ፥ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ድንበሩ በጉድጓድና በአጥር የተከበረ ስለ ነበር እንግዳ የሚገባው በታወቁት በሮች ብቻ ነበር፤ የውጭ አገር ነጋዴም እንደ ልቡ እንዲዘዋወር አይፈቀድለትም ነበር። ይህን ማንሣቴ በሮቹ እንደ ገና ይዘጉ ለማለት አይደለም። የዚያ ዘመን ሰዎች እንግዳው የት እንደሚያርፍና ከማን ጋር እንደሚገበያይ የሚወስን ሥርዓት ነበራቸው። እኛ ግን በሩን ስንከፍት ሥርዓቱን ዘነጋነው።

የከፋ ጫካና አካባቢው በ2010 ዓ.ም. ከያዩ ጋር በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም ከ700,000 ሄክታር በላይ ነው። ይህ ማለት ሁሉም ጫካ ነው ማለት አይደለም፤ እርሻውም፥ የግጦሹም ሣር፥ መንደሩም በውስጡ ነው። ከቦንጋ ከተማ በእግር ወጥቶ ጥቂት ሰዓት የተጓዘ ሰው ግን እውነተኛውን ጫካ ያገኘዋል። ሰሳው፥ ዋንዛውና ቀረሮው ከላይ ሰማዩን ሸፍነው፥ ከነሱ በታች ቡናው ቀጥ ብሎና ቀጥኖ፥ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ተስቦ ይቆማል። የእርሻ ቡና ብቻ ያየ ሰው መጀመሪያ ላያውቀው ይችላል፤ ቅርንጫፉ ሳሳ ያለ፥ ፍሬውም በየቦታው የተበታተነ ነውና። ከቡናው በታች ኮረሪማ ይበቅላል። ከዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ይታያል፤ ጉሬዛም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። በከፋ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» ይባላል።

ቡና መጀመሪያ የተገኘው የት ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው ብንተወው ይሻላል። የከፋ ሰዎች ማንኪራ ይላሉ፤ የአጋሮ አካባቢ ሰዎች ጮጬ ይላሉ። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ስለ ጨፈሩበት እረኛ የሚነገረውም ታሪክ በአውሮፓ ተጽፎ የታየው በ1671 ዓ.ም. በሮማ በታተመ መጽሐፍ ነው። መንገደኛው ሁለቱንም ስፍራ አይቶ ሁለቱም ዘንድ ቡና ቢጠጣ ማንም የሚጎዳ የለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ይህ ጫካ ለምን ይፈለጋል? ለጎብኚ ዓይን ማረፊያ ብቻ ከሆነ ገበሬው በቆሎ ቢዘራበት ማን ሊወቅሰው ይችላል?

መልሱን በ1971 ዓ.ም. የሆነው ነገር ይሰጠናል። ቀደም ብሎ በ1922 ዓ.ም. በኬንያ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ በዚያ ዓመት በአገራችን ተገኘ። ይህ በሽታ ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ጥቁር ነጥብ እያወጣበት አድርቆ የሚያስቀር ሻጋታ ነው። በበሽታው የተያዘ ገበሬ ቅጠሉ ለምልሞ ሳለ የሚለቅመው ፍሬ ያጣል። መድኃኒት መርጨት ለድኻ ገበሬ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ደቡብ ምዕራቡ ጫካና ወደ ገበሬው ማሳ ወጥተው፥ በበሽታው መካከል ጤናማ ሆነው የቆሙትን ቡናዎች እየለዩ ዘራቸውን ሰበሰቡ። ዛሬ ገበሬዎች 74110፥ 74112 እያሉ በቍጥር የሚጠሯቸው ዘሮች ከዚያ የተገኙ ናቸው፤ በቍጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 የተሰበሰቡበት ዓመት፥ 1974 ዓ.ም. ነው። እነዚህ ዘሮች ከኢሉባቦር ተነሥተው ዛሬ እስከ ሲዳማና እስከ ጌዴኦ ድረስ ተተክለዋል። ጫካው በዚያን ጊዜ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ ተመራማሪዎቹ ከየት ይለቅሟቸው ነበር? በሌላ አገር ያለው የአራቢካ ተክል ሁሉ ከጥቂት ችግኞች የተራባ ስለ ሆነ፥ የዘሩ ልዩ ልዩነት እንዲህ ተከማችቶ የሚገኘው እዚህ ነው።

ነገር ግን ይህን ጎተራ የሚጠብቀው ገበሬ ለጠባቂነቱ ደመወዝ የለውም። የጫካ ቡና በሄክታር የሚሰጠው ምርት ከተተከለው እጅግ ያነሰ ነው። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት መልቀም ያስፈልጋል፤ በጫካ ውስጥ ደግሞ ያ ስድስት ኪሎ ከብዙ ተክል ላይ ነው የሚለቀመው። የዓለም ገበያም የሚያዛልቅ ወዳጅ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ዋጋው ወድቆ በብዙ ስፍራ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አራቢካ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ብዙ ሰዎች ዋጋ ሲወደድ ጫካው የሚድን ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ሁለቱንም እፈራለሁ። ዋጋ ሲረክስ ጫካው ለበቆሎና ለጫት ይመነጠራል፤ ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ገበሬው የበለጠ ቡና ለማግኘት ብሎ ከሥር ያለውን ቍጥቋጦ ይጨፈጭፋል፥ የጥላውን ዛፍ ያሳሳል፥ ከውጭ ያመጣውን ችግኝ ይሰገስጋል። ከሩቅ ሲያዩት ጫካው እንደ ቆመ ይመስላል፤ ውስጡ ግን እርሻ ሆኗል፤ ትንንሾቹ የዛፍ ቡቃያዎች ስለሚታረሙም ትልልቆቹ ሲያረጁ የሚተካቸው አይኖርም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ዓ.ም. በኋላ ከተመነጠረ ደን የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ነው። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢተላለፍም አሳቡ ለጫካው መልካም ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ሕግ የሚቀጣውን እንጂ የሚሸልመውን አይናገርም። በመንደሩ ለሚኖረው ሰው ደን በመቆሙ ምክንያት፥ በደኑ ስም፥ በእጁ የሚገባ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ማር አንድ ነው፤ ኮረሪማም አንድ ነው። መንገደኛውም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የመጣው ዛፉ ስላለ ነውና።

ዛሬ ግን መንገደኛው ምን ያገኛል? ከአውቶቡስ ወርዶ ሆቴል ይገባል፤ ቡና ሲያዝ በመኪና የተፈላ ማኪያቶ ይቀርብለታል። «ይህ ቡና ከየትኛው ጫካ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አስተናጋጁ ይስቃል። አይፈረድበትም፤ የየመንደሩ ቡና በገበያ ተቀላቅሎ በደረጃና በአውራጃ ስም ብቻ ሲሸጥ ብዙ ዓመት ኖሯልና። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉ ስለ ተሻሻለ ቡናው ከየት እንደ መጣ ተለይቶ ሊሸጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ስሙ ተጽፎበት ወደ ጃፓን የሚሄደው ቡና በራሱ አገር በቦንጋ ስም የለሽ ሆኖ ይጠጣል።

አንድ ጊዜ ከቦንጋ ወጣ ባለች መንደር ሁለት ወጣቶች ከረጢታቸውን አዝለው ሲመጡ እዚያው ነበርሁ። አንደኛው የአዲስ አበባ ልጅ፥ ሁለተኛው ፈረንጅ ነበር። አንዲት እናት ቡናቸውን በአልጋ ላይ ዘርግተው በእጃቸው እያገላበጡ ነበር። የአዲስ አበባው ልጅ ቀረብ ብሎ እጅ ነሣና፥

«እማማ፥ ዛሬ እዚህ ለማደር ስንት ይከፈላል?» አላቸው።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ምን ዋጋ አለው ልጄ? ይልቅ ጓደኛህ ያን ጫማውን ከቡናው ያርቅልኝ!» አሉት።

ቆጮና ማር አበሏቸው፤ ከጫካው የተለቀመውን ቡና ቆልተው፥ ወቅጠው፥ እስከ ሦስተኛው ድረስ አጠጧቸው። በማግሥቱ ገንዘብ ቢሰጧቸው አልቀበልም አሉ። ወጣቶቹም አፍረው ሄዱ። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ግን በከተማ፥ ቍንጫ ለሞላበት አልጋ ያለ ክርክር ከፍለው ነበር።

እኚህ እናት ያደረጉት ነገር የተከበረ ነው፤ ይህን ሸጠው ይብሉት የሚል አሳብ የለኝም። እንግዳ መቀበልን በዋጋ የለወጠ መንደር ሌላ መንደር ይሆናል። ነገር ግን ከመንደሩ ሁሉ ድኻ የሆነው ሰው በየሳምንቱ የሚመጣውን እንግዳ በነጻ ሊያበላ አይችልም፤ ቢችልም ተገቢ አይደለም። ስለዚህ የቤቱ መስተንግዶ ለባለቤቱ ይተውና፥ ለመንገደኛው ሌላ በር ይከፈትለት። በቦንጋ አካባቢ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ከመንግሥት ጋር ውል እየተዋዋሉ ጫካቸውን በጋራ የሚጠብቁበት ሥርዓት አለ። በሩን የሚከፍቱት እነዚህ ማኅበሮች መሆን አለባቸው።

የሚያስፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። በመንደሩ ዳር አንድ ንጹሕ ክፍል፥ ሁለት ወይም ሦስት አልጋ ከነአጎበሩ፥ የተፈላ ውሃ፥ በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ይበቃል። ጫካውን የሚያሳይ ከማኅበሩ የተመረጠ ሰው ይኑር፤ እሱም ስለ እያንዳንዱ ዛፍ ከኛ ከእርሻ ሠራተኞች የበለጠ ያውቃል። ቡና በጀበና ይፈላ፤ የተቆላውም በትንሽ ከረጢት ተቋጥሮ የመንደሩ ስም ተጽፎበት ይሸጥ። ከሁሉም በላይ ዋጋው በሠሌዳ ላይ በአማርኛ፥ በአካባቢው ቋንቋና በእንግሊዝኛ ይጻፍ፥ ደረሰኝም ይቆረጥ። መንገደኛ የሚጠላው መክፈልን አይደለም፤ ዋጋው እንደ ፊቱ መልክ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው። ገንዘቡ ምን ያህሉ ለአስጎብኚው፥ ምን ያህሉ ለማኅበሩ ሣጥን እንደሚገባም ሥራው ሳይጀመር በፊት ተጽፎ ሁሉም ይፈርምበት፤ ገንዘብ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክፍያ ጠብ ያመጣልና።

«እንግዲያው መንግሥት ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ይሥራ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በአንድ ስፍራ፥ ስሙን አልጠራም፥ በሲሚንቶ የተሠራ ቆርቆሮው የሚያንጸባርቅ ማረፊያ አይቻለሁ። ሪባኑ በክብር ተቆርጧል፤ ግድግዳው ላይም የመረቀው ሰው ስም በእብነ በረድ ተጽፎ ይነበባል። ቍልፉ ግን በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ፍየሎች በበረንዳው ጥላ ሥር ተኝተው ነበር።

መንገደኛውም በበኩሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በአልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና አይንካ፥ በመሬት የተዘረጋውንም አይርገጥ። እሸቱ ሳይሻግት እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ሁለትና ሦስት ሳምንት እየተገላበጠ፥ በዝናብና በጤዛ ጊዜ እየተሸፈነ የሚጠበቅ ነው፤ በአንድ ሰው ጫማ የገባ ጭቃ የብዙ ቀን ድካም ያበላሻል። ከአንዱ የቡና ስፍራ ወደ ሌላው ሲሻገር የጫማውን አፈር አራግፎ ይጠበው፤ ቡናን ከሥሩ አድርቆ የሚገድለው በሽታ በአፈር ሊተላለፍ ይችላል። ዘርና ችግኝ ግን ከቶ አይያዝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው 482ኛው አዋጅ የአገሪቱን የዕፀዋት ዘርና የሕዝቡን ዕውቀት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል። ለማስታወሻ ብሎ ጥቂት ቀይ ፍሬ በኪሱ የሚከት ወጣት ክፉ አሳብ ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን በመንደሩ ያለ ልጅ ይህን ሕግ አውቆ «ጋሼ፥ ይህን መውሰድ ክልክል ነው» ብሎ ሊነግረው ይገባል። የሰው ፎቶግራፍ ሳያስፈቅድ አያንሣ። ከመነሣቱም በፊት የመንገዱን ጸጥታ በመናኸሪያውና በአካባቢው መስተዳድር ዘንድ ጠይቆ ይረዳ፤ አንድ ወር ሰላም የነበረ መንገድ በሚቀጥለው ወር ላይሆን ይችላልና።

ከቦንጋ ወዲያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሚዛን ይደረሳል። በመንገዱ ላይ የውሽውሽ የሻይ ተክል እንደ ተላጨ ራስ ተስተካክሎ በኮረብታው ላይ ተነጥፎ ይታያል። ከጫካው ወጥቶ ይህን የሚያይ መንገደኛ ሁለት ዓይነት እርሻ ያነጻጽራል። ሻዩ ለብዙ ሰው የቀን ሥራ ሰጥቷል፤ እኔ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ሻይ በሌላ ኮረብታም ሊተከል ይችላል፤ የዱር ቡና ግን አንዴ ከጠፋ የሚተክለው የለም።

መንገደኛው ብቻውን ጫካውን ያድናል የሚል ሰው ቢኖር አልደግፈውም። ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ በዝናብ ወራት ከቶ አይመጡም፤ በጸጥታ ምክንያትም ዓመቱን ሁሉ ሊቀሩ ይችላሉ። የገበሬው ኑሮ በእነሱ ላይ ከተመሠረተ ነገ ሊጎዳ ነው። ስለዚህ ገቢው በማሩና በቡናው ላይ የሚጨመር እንጂ በነሱ ፈንታ የሚተካ አይሁን። ሆኖም በዓመት ሃያ ሌሊት የተከራየ አንድ አልጋ ለአንድ ቤተሰብ የልጅ ደብተርና ጫማ ሊገዛ ይችላል፤ ከዚህም በላይ በዚያ ቤት ያደገው ልጅ ሩቅ አገር ያለ ሰው በአውቶቡስ ተንገላቶ የመጣው የአባቱን ጫካ ለማየት እንደ ሆነ አይቶ ያድጋል። አባቱ መጥረቢያ ሲያነሣ ይህ ልጅ የሚናገረው አንድ ነገር ይኖረዋል።

ጊዜው ቅርብ ነው። በከፋ ቀይ እሸት መለቀም የሚጀምረው ከመስከረም ወዲህ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አልጋው ሁሉ በቡና የሚሸፈንበት፥ ዝናቡም የሚቀንስበት ወራት ነው። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ቡናው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ አበባ ያወጣና ሽታው እስከ አውራ ጎዳናው ይደርሳል፤ አበባውን ለማየት የሚመጣም አለ። የማኅበሮቹ መሪዎችና የየወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤቶች በክረምቱ ተሰብስበው ዋጋውን ተስማምተው፥ ሠሌዳውን አጽፈው፥ የመጀመሪያው እሸት ሳይቀላ በፊት በቦንጋ መናኸሪያ በር ላይ፥ ከረጢት ያዘለ ሰው ከመኪና ሲወርድ ሊያነበው በሚችልበት ስፍራ ይስቀሉት።